ለአስቸኳይ ጉዳይ በዚህ ስልክ ይደውሉ

በዓሉ አለቀ።

ይህን ለሕዝብ ያበሰረ አካል አልነበረም፤ ደወል አልተደወለም፣ መግለጫም አልወጣም። ሆኖም ሰኞ ጠዋት ሱቆች መዝጊያቸውን ከፍ አደረጉ፣ አውቶቡሶች ሞሉ፣ የትራፊክ ፖሊሱም ፊሽካውን ከኪሱ ፈልጎ አገኘ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ «በዓል እንዴት ነበር?» ተባባለ። የሁሉም መልስ አንድ ነበር፦ «አሪፍ ነበር፤ ከቤተሰብ ጋር።»

ሌላ መልስ የነበረው የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ ብቻ ነው። የመጋዘኑን በር ሊከፍት ሲሄድ ተከፍቶ አገኘው። ውስጥ ውድ ውዱ መድኃኒት የነበረበት መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል። የቀረው ሁሉ በቦታው ነው፤ መጥረጊያው እንኳ አልተነካም።

ኢንስፔክተሩ መጣ። በዓሉን በሙሉ ተረኛ ሆኖ ነው የከረመው። «ልጆች ያሏችሁ እረፉ፣ እኔ እሠራለሁ» ብሎ ራሱ ነው የጠየቀው። ባልደረቦቹ ደግ ሰው ነው አሉ፤ እሱም አላስተባበለም።

በሩን ከላይ እስከ ታች አየው። ጭረት እንኳ የለበትም። ቁልፉ ቁጥር ተጭነው የሚከፍቱት የኤሌክትሪክ ቁልፍ ነው።

«ቁጥሩን ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና ቁልፉን የገጠመልን ድርጅት።»

«እርስዎ በዓሉን የት ነበሩ?»

«ሆስፒታል። የሐሞት ከረጢቴን አውጥተውልኝ» አለና ኃላፊው ሸሚዙን ገልጦ ስፌቱን አሳየው።

ኢንስፔክተሩ ብዙ ሰው የት እንደነበረ ሲምል ሰምቷል። ሆዱ ላይ አሰፍቶ የመጣ ግን አይቶ አያውቅም። ይቅርታ ጠይቆ ወደ ድርጅቱ ሄደ።

የቁልፍ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ስትናገር እስክሪብቶ በጣቶቿ መካከል የምታሽከረክር ሴት ናት።

«ኢንስፔክተር፣ ከእኛ ቤት ቁጥር አይወጣም» አለችው። «የእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ለሦስት ይቆራረጣል። አንዱ ቁራጭ ቴክኒሻኑ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ሒሳብ ሹሙ ላይ፣ አንዱ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛችን ላይ። ደንበኛ ቁጥሩ ቢጠፋበት ሦስቱ እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ነው የሚገጣጥሙት። የራሴ ሐሳብ ነው።»

«በዓል ሲመጣስ?»

«የሚጓዝ ሰው ላፕቶፕ ይዞ አይወጣም። አውቶቡስ ላይ ይረሳል፣ ሆቴል ውስጥ ይሰረቃል፣ በማያውቁት ኢንተርኔት ይከፈታል። ስለዚህ በዋዜማው ሁሉም ላፕቶፑን ከነቦርሳው እፊቴ ካዝና ውስጥ ያስገባል። እቆልፍና ቁልፉን ለጥበቃው እሰጣለሁ።»

«ለምን ለጥበቃው?»

«እሳት ቢነሣስ?»

«ላፕቶፖቹ የይለፍ ቃል የላቸውም?»

እስክሪብቶው ፍጥነቱን ቀነሰ። «አላቸው። ሆዳቸው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ሠራተኞቹ ይረሱታላ።»

«እሺ። ሦስቱም ተጉዘው ነበር?»

«ሦስቱም። ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ናቸው።»

«ጥበቃውስ?»

«እሱማ የትም አልሄደም» አለች። ይሄን ጊዜ እስክሪብቶው ጨርሶ ቆመ።

ጥበቃው እንዲህ ነው የታሰረው። በከተማው ውስጥ መገኘቱ ጥፋት ሆነበት።

ሽማግሌ ነው። ጣቢያ ሲገባ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ካዝናውን ከፍተዋል?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም ሲገቡ። ቦርሳቸውን ሰጠኋቸው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አልከፈትኩም።»

«ቁልፉን ለሰው ሰጥተዋል?»

«አንገቴ ላይ ነበር። ስተኛም አላወለቅኩት።»

«ታዲያ ቁጥሩ እንዴት ወጣ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? እኔ ያየሁት አለመውጣቱን ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ሴት ልጁ ፔርሙዝ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣችም። ኢንስፔክተሩ ሲያልፍ ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ አባባ ጡረታ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሌባ ተብሎ ከወጣ ከቤት የሚወጣ ሰው አይደለም፤ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚያልቀው። አውቀዋለሁ።»

«ሻይ ገባላቸው?»

«ገባ። ስኳር አነሰ ብሎ መለሰው። እንደ ቤቱ ነው የሚያዝዘን» አለችና እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ኢንስፔክተሩ ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ጠያቂ የመጣለት እስረኛው ብቻ መሆኑን አስተዋለ፤ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ተወው።

የጣቢያው አዛዥ ግን ነገር ማንዛዛት አይወድም። «ቁልፉ እሱ ጋ፣ ሰውየው እዚህ፣ ሌሎቹ በዓሉን ከተማ ውስጥ አልነበሩም። ምን ትጠብቃለህ? ነገ ጠዋት ክሱ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድና እንገላገል።»

«እስከ ነገ ጠዋት ስጠኝ።»

«ያው እኮ ነው ያልኩህ፣ ነገ ጠዋት።»

ቴክኒሻኑ የተፈታታ ቁልፍ ፊቱ ደርድሮ ነበር። ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ሸሚዙን ራሱ ነው የሚተኩሰው፤ አንገትጌው ይመሰክራል።

«ወንድሜ ጋ ነበርኩ። ሐይቅ ዳር ቤት አለው። ዓሣ ስናጠምድ ከረምን።»

«ያዛችሁ?»

«ምን?»

«ዓሣ።»

ቴክኒሻኑ አሰበ። «ዘንድሮ ዓሣው እምብዛም ነው።»

ሒሳብ ሹሙ ሚስቱ የሞተችበት፣ ንግግሩን እንደ ደረሰኝ አጣጥፎ የሚሰጥ ሰው ነው። «ልጄ ጋ ነበርኩ» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። «መጥቶ በመኪና ወሰደኝ። የልጅ ልጅ አለችኝ፤ አያቴ፣ አያቴ እያለች እንቅልፍ ነሥታኝ ከረመች።» መስኮቱ ምንም አልመለሰለትም።

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሣቂታ ይላታል። ገና ሳትጠየቅ ስልኳን አወጣች።

«እህቴ ጋ! ይኸው ፎቶው። ይሄ ቀበጥ የእህቴ ልጅ ነው፤ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ነው የከረመው። እየው እስቲ፣ የፊት ጥርስ እንኳ ሳይኖረው!»

ፎቶው ላይ ልጁ ድዱን አውጥቶ ይስቃል። ኢንስፔክተሩም ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ የሦስቱንም ዘመዶች ስልክ ተቀብሎ ወጣ።

የቴክኒሻኑ ወንድም ቶሎ አነሣ። «ወንድሜ? እኔ ጋ? እውነቱን ልንገርዎት ኢንስፔክተር፣ ከባለቤቴ ጋር አይጣጣሙም። ከመጣ ቆየ። ምነው፣ ታመመ እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ሰላም ይበሉልኝ» አለና መልሶ «ወይም ይተዉት፣ እኔው እደውልለታለሁ» ብሎ ዘጋ።

የሣቂታ እህት ከት ብላ ሳቀች። «ጥርስ የለውም? ኧረ የፊት ጥርሱ ከበቀለ ስንት ጊዜው! አሁንማ ጥንቸል መስሏል። እሷ እኮ ዘንድሮ ሥራ በዛብኝ ብላ ነው የቀረችው።»

የሒሳብ ሹሙ ልጅ ስልኩን አላነሣም። ኢንስፔክተሩ ሒሳብ ሹሙ የሚኖርበት ሰፈር ሄዶ ጎረቤቱን አናገረ። ጎረቤቲቱ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ ሊወስደኝ ይመጣል ብሎ ለግቢው በሙሉ ተናግሮ ነበር። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ። መኪናው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ መጋረጃውን ዘግቶ ገባ፤ መብራት እንኳ አያበራም።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ምን እንላለን? የሄደ አስመሰልንለት። ልጆቹንም በሩ ላይ እንዳይጫወቱ ከለከልን፤ ወጥቶ እንዳይቆጣቸውና እንዳይጋለጥ። ስልክ ሲያወራ ግን በግድግዳው ይሰማል። ሲስቅም ሰምቼዋለሁ። ደስ አለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሦስቱን ለየብቻ መልሶ ጠራቸው። ቴክኒሻኑ ቶሎ ተረታ።

«አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ መንገድ እሄዳለሁ ብያለሁ፣ በምን ዓይኔ እቤቴ እቀመጣለሁ?»

«ላፕቶፕህስ?»

«እኔ ጋ። ፊልም ላይበት ብዬ ነው። ካዝና ያስገባሁት ቦርሳ ውስጥ የወለል ጣውላ ነበር።»

«ሽማግሌው ታስረው እያየህ ዝም አልክ?»

«የወጣው እኮ የኔ ብቻ ነው! የሁለቱ ካዝና ውስጥ ነበር። በኔ ቁራጭ ብቻ ምን ይከፈታል?»

ሒሳብ ሹሙ ቦርሳው ውስጥ አሮጌ የስልክ ማውጫ ነበር የከተተው። ሣቂታ ደግሞ የሶፋ ትራስ። እነሱም «የወጣው የኔ ብቻ ነው» አሉ፤ እነሱም «በኔ ቁራጭ ብቻ ምን ይከፈታል?» ብለው ጠየቁ። ለሰው ሰጥታችሁ ነበር ወይ ሲባሉ ሦስቱም አልሰጠንም ብለው በሚያከብሩት ሁሉ ማሉ።

ስለዚህ ጥበቃው ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ፣ እንቅልፉን አጥቶ፣ በዓሉን በሙሉ በታማኝነት ሲጠብቅ የከረመው አንድ ጣውላ፣ አንድ የስልክ ማውጫና አንድ ትራስ ነበር።

«በሉ ይህን ፈርሙልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

እዚህ ላይ ሦስቱም ጠነከሩ። ቴክኒሻኑ «ለእርስዎ ነገርኩ እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ አልናገርም» አለ። ሒሳብ ሹሙ እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሣቂታ «ከሥራ ቢያስወጡኝ ይሻለኛል። እህቷ ጋ እንኳ አልሄደችም ከምባል» አለች። ስትናገር አልሳቀችም፤ ፊቷ የሌላ ሰው መሰለው።

አዛዡ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ያልተፈረመ ቃል ወሬ ነው። ወይ ሦስቱ ተመሳጥረዋል በለኝ፣ ወይ ሽማግሌውን ስጠኝና ፍርድ ቤት ይሂድ።»

ተመሳጥረዋል እንዳይል፣ ሦስቱ በደረጃው ላይ ሲተላለፉ አይቷቸዋል። «ሐይቁ እንዴት ነበር?» «ቆንጆ! የልጅ ልጅዎስ?» «አድጋለች!» እየተባባሉ ተላለፉ። አንዱ ሌላውን አምኖታል። እንዲህ የሚቀናኑ ሰዎች አብረው አይሰርቁም።

አመሻሽ ላይ ጣቢያው ጸጥ ሲል ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሦስቱ በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤታቸው ስብሰባ አዳራሽ እንዲገኙ በኢሜይል ጥሪ ላከ። እጁን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ መልስ መጣ። ሁለተኛም መጣ። ሦስተኛም። ለማንም ጽፎ እንዲህ በፍጥነት ተመልሶለት አያውቅምና ልቡ ትንሽ ሞቅ አለው።

የጻፉት ግን ሰዎቹ አይደሉም። ሲሄዱ የተዉት፣ ሲመለሱም ማጥፋት የረሱት፣ ራሱ የሚመልስ መልእክት ነው።

የቴክኒሻኑ፦ «ከወንድሜ ጋር ሐይቅ ዳር ነኝ። ለአስቸኳይ ጉዳይ በዚህ ስልክ ይደውሉ።» የሒሳብ ሹሙ፦ «በልጄ ቤት ከልጅ ልጄ ጋር በማሳለፍ ላይ እገኛለሁ። ለአስቸኳይ ጉዳይ በዚህ ስልክ ይደውሉ።» የሣቂታ ከሁሉም ይረዝማል፤ እህቷን፣ የእህቷን ልጅ፣ ግቢውን ሳይቀር ይገልጻል። መጨረሻው ግን ያው ነው፤ ከስልኩ ቀጥሎ «በማንኛውም ሰዓት!» ተብሎ ተጨምሮበታል።

ሦስት ጊዜ አነበባቸው። ሥራ አስኪያጇ ላፕቶፕ በካዝና አስቆልፋ ስታበቃ፣ ቁራጮቹን የያዙት ሰዎች የት እንደሆኑና በምን እንደሚገኙ ግን ለጻፈ ሁሉ ሲታደል ከርሟል። የሚያሳዝነው ደግሞ አድራሻው ውሸት፣ ስልኩ ብቻ እውነት መሆኑ ነው።

ከስልክ ድርጅቱ የሦስቱን የጥሪ ዝርዝር አስመጣ። ሦስቱም ላይ አንድ ቁጥር አለ። በመጀመሪያው ሰሞን ደዋዩ እሱ ነው፤ ወሬውም አጭር ነው። ከዚያ ይረዝማል። በኋላ በኋላማ የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ሌብነቱ ከታወቀም በኋላ አላቆሙም። የመጨረሻው ጥሪ የዚያን ዕለት ከሰዓት የተደረገ ነው።

የቁጥሩ ባለቤት ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖራል። ፖሊስ ሲገባ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር። መድኃኒቱ አልጋው ሥር፣ ከነካርቶኑ። አልሮጠም፤ እንዲያውም ኢንስፔክተሩን «ተቀመጡ» ብሎ ያለችውን አንድ ወንበር ሳበለት። ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው አቋርጦ የማይናገር ዓይነት ነው። ለብዙ ዘመን የመጋዘኑ ስልክ ተቀባይ ነበር፤ የቁልፉ ቁጥር ለየትኞቹ ሦስት ሰዎች እንደሚከፋፈልም ያኔ ነው የሰማው። «ለዚህ ይህን ይጫኑ፣ ለዚያ ያን ይጫኑ» የሚል ማሽን ተገዛና አሰናበቱት።

«ቁጥሩን ማን ሰጠህ?»

«አልናገርም።»

«ጥበቃው ነው?»

«የምን ጥበቃ?» አለ፤ የእውነት ግራ ገብቶት።

«ስልኩን ለምን አልጣልከውም? በሱ ነው የተያዝከው።»

«ይደውሉልኛላ» አለ። «ባላነሣ ምን ይላሉ?»

«ማን ናቸው?»

«ጓደኞቼን አላሲዝም፣ ኢንስፔክተር። የሠራሁባቸው ይበቃል።»

መኪና ውስጥ ከኋላ አብረው ተቀመጡ። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ «እርስዎስ በዓል እንዴት ነበር?» አለ። ኢንስፔክተሩ ያችን የተለመደች መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ሰውየው ግን መልሱን ይጠብቅ ነበር፤ ለጨዋታ ያህል አልጠየቀም። ጣቢያው ደጃፍ ሲደርሱ ኢንስፔክተሩ ስለማትደውለው እህቱ እያወራ ራሱን አገኘው። ሾፌሩ በመስተዋት አየው። ኢንስፔክተሩ በሩን ከፍቶ ወረደ።

አዛዡ በጣም ተደሰተ። «ሌባው ተገኘ፣ ማን ሰጠኝ አይልም፣ ቁልፉ ሽማግሌው ጋ ነበር። ሸጦለታል። በቃ፣ ገጠመ።»

«ሌሎቹ በስልክ አውርተውታል እኮ።»

«ማውራት ክልክል ነው? ነገ በስብሰባው ፊት አንድ ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ። ከካዱ ሽማግሌው ከዚያው ወደ ፍርድ ቤት።»

ጠዋት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጇ ከእስክሪብቶዋ ጋር፤ አዛዡ ከነሙሉ ደንብ ልብሱ። ጥበቃው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፣ ልጁ አጠገቡ። ሦስቱ ሠራተኞች ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሩ ጫፍ ላይ ነበር።

«አጭር ጥያቄ ነው» አለ አዛዡ። «በበዓሉ ከእናንተ ቁጥር የጠየቀ ሰው ነበር?»

«ኧረ የለም» አለ ቴክኒሻኑ። «እኔ ከወንድሜ ጋር ሐይቅ ዳር ነበርኩ።»

«እኔ ጋ የደወለ የለም» አለ ሒሳብ ሹሙ። «ልጄ ቤት ኔትወርክም የለ።»

ሣቂታ ሳቀች። «እኛ ጋማ በልጅ ጫጫታ ስልክ የሚሰማበት ጆሮ ከየት ይመጣል!»

ጥበቃው ኮፍያውን አነሣ። ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«የስልክ ንግግራቸው ካሴት እንኳ ቢሰማ...» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ካሴት የለም» አለ አዛዡ። «እሺ፣ ሌባውንም አምጡትና አብረው ይሂዱ።»

በሩ ተከፈተ። ሰውየው በሁለት ፖሊሶች መሐል ገባ። ፊቱ የተደረደሩትን ጀርባዎች አያውቃቸውም፤ አይቷቸው አያውቅም። የሰው ቤት የገባ ሰው እንደሚያደርገው ብቻ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ፦

«እንደምን አደራችሁ?»

ቴክኒሻኑ ገና ሳይዞር «ወንድሜ!» አለ።

«ልጄ!» አለ ሒሳብ ሹሙ ብድግ ብሎ፤ ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይተውት አያውቁም። «መጣህ?»

«አንተ ጉደኛ! ምነው ማታ ሳታነሣልኝ?» አለች ሣቂታ፣ በእውነተኛ ሳቋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲሰሙት የኖሩት ሌላ ሳቅ እንደነበር ያኔ ነው የታወቃቸው።

ከዚያ ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አዛዡ ወረቀቱን አጠፈ። የእስክሪብቶ መውደቅ ተሰማ። የጥበቃው ልጅ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው፤ አልተቆጣችም፤ ለአባቷ የያዘችውን ሻይ ለማናቸው ቀድማ እንደምትሰጥ ግን የቸገራት መሰለች።

ክፍሉ ውስጥ ሰላምታውን ለመመለስ መቀመጫውን ለቆ የቆመ አራተኛ ሰው ነበር። ኢንስፔክተሩ ሁሉም ሲያየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።